ዛሬ ምን እንደሁ ታውቃለህ?

በየገጠሩ ቀበሌ፣ ሰው እጁን ወደ ሥራ በዘረጋ ቁጥር በዓሉን የሚያስታውስ አንድ ሰው አለ። እሱ የሌለበት ቀበሌ ገና አልተቋቋመም ማለት ነው። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በበጎ ፈቃድ ሒሳብ ላስተምር በሄድኩበት መንደር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የደብሩ መሪጌታ መባ ነበሩ፤ የፎገራ ሜዳ የበዓላት ጠቅላይ አዛዥ። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሥራውን ግን እኔ ሳልወለድ ጀምረውታል።

የተዋወቅነው በሸሚዜ ምክንያት ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ሳጥበው፣ የግራ እጅጌውን አሽቼ ወደ ቀኙ ስሻገር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን እንደሁ ታውቃለህ?»

«ሐሙስ ነው፣ መሪጌታ።»

«እስጢፋኖስ ነው!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ አንድ እጅጌው ብቻ የነጣ ሸሚዝ ለብሼ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ የሳቁት ወደ ሰሌዳው ስዞር ነው።

ሌላ ቀን ከመሪጌታ ጋር በባጃጅ ወረታ ስንሄድ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ባየህ መፍቻውን እንዳነሳ፣ «ዛሬ ምን እንደሁ ታውቃለህ?» ተባለ። ዑራኤል ነበር። ባየህ መፍቻውን መለሰ፤ ባጃጁን እየገፋን ወረታ ገባን። መሪጌታ ከውስጥ ተቀምጠው ነበር። መግፋትም ሥራ መሆኑን ያስታወሳቸው ሰው አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ሳቄ ጠፋ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በወሩ መጨረሻ ነው፤ ሩዝ የሚዘራውም ያኔ ነው። ሠላሳ አንዱ ተፈታኞቼ በአንድ ሳምንት ስድስት ሆኑ። ለእርሻ ከቀሩብኝ መካከል ይታይሽ ነበረች፤ ያላስተማርኳትን ጥያቄ ሠርታ፣ የእኔን ስህተት በትሕትና የምታርም ልጅ። ካላለፈች ትምህርቷ እዚያው ሊያበቃ ነው። አባቷን አቶ ካሴን ማሳው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው።

«መምህር፣ ዝናቡ እኮ ለፈተና ብሎ አይቆምልኝም» አሉኝ፣ የሞፈሩን እርፍ ሳይለቁ። «ልጄን ጠልቼ አይደለም። እጅ የለኝም።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። በዚያው እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ መባ ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ምእመናን፣ በዓል እየሻርን ነው! አምና በረዶ የመታን ለምን ይመስላችኋል? ዘንድሮ አቡነ አረጋዊ ይከበር፣ ቂርቆስ ይከበር፣ እስጢፋኖስ ይከበር፣ ኤዎስጣቴዎስ ይከበር!»

አለቀልኝ አልኩ። ስድስቱም ሊቀሩብኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን መሪጌታን በልቤ ክፉኛ ተቀየምኳቸው። የአቡነ አረጋዊ ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤት የሄድኩት ጠመኔዬን ሰብስቤ ልመለስ ነበር።

በሩ ላይ ሃያ ዘጠኝ ልጆች ቆመዋል። ይታይሽ ከፊት ናት።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«መሪጌታ ዛሬ እርሻ የለም ብለዋል፣ ቲቸር።»

«ትምህርትስ?»

«ትምህርት ሥራ አይደለም ብለዋል» አለች ይታይሽ፤ «ቁጭ ማለት ነው።»

እስከ ፈተናው ድረስ በየበዓሉ ቁጭ አልን። በተረፉት ቀናት ደግሞ መሪጌታ ለእነ አቶ ካሴ ደቦ ጠርተው ማሳው ተዘራ፤ ራሳቸውም ጓል ሲፈጩ አየኋቸው። ያ ቀን የየትኛው ጻድቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው ጆሯቸው ከበደ።

«መሪጌታ፣ በፊትስ ኤዎስጣቴዎስ በዚህ መንደር ይከበር ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ አከብረው ነበር። ሕዝቡን ዘንድሮ አስታወስኩት። ውሸት አልተናገርኩም፣ ልጄ፤ ቀኑ እንደሁ ሁልጊዜም አለ።»

ውጤት ሳይወጣ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ይታይሽን እያሰብኩ ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ዘፍዝፌ ሳሙና ሳነሳ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን እንደሁ ታውቃለህ?»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንደዚህ እንደናፈቁኝ አላውቅም ነበር። ቀኑን ግን ብቆጥር ብቆጥር ጻድቁ አልመጣልህ አለኝ።

«አላውቅም፣ መሪጌታ። የማን ቀን ነው?»

«የይታይሽ ነው! ወረታ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። አሁን በሩ ድረስ አድርሻት መመለሴ ነው።»

ሳሙናውን አስቀመጥኩ። ሸሚዙ ሲዘፈዘፍ ዋለ።