ሠረገላው በእኔ ኃጢአት የቆመ መስሎኝ

እናንተ፣ ይህን ከነገርኳችሁ በኋላ መንገድ ላይ ስታገኙኝ እንዳትስቁብኝ!

ዛሬ ልጄ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ። የህንዶች የሠረገላ በዓል ነው። ቤት የሚያክል ሠረገላ፣ ገመድ የሚጎትት እልፍ ሕዝብ።

እንዲህ ያለ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ሻዩ ትን አለኝ።

አይቻለሁ! እዚሁ አሶሳ! በአህያ ጋሪ!

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከወሎ በሰፈራ ከመጣን ዓመት አልሞላንም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ ነጠላዬን የምነክስ ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ከሰፈራ ጣቢያው እየተመላለስኩ አንድ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ቤት እሠራለሁ። የባለቤቱ የማዳም ላሊታ አማርኛ ከወጥ ቤት አያልፍም። «አምጪ»፣ «እጠቢ»፣ «በቃ»።

አንድ የክረምት ቀን «ነገ አምላክ ይወጣል» አለችኝ።

በእኔ አገር የሚወጣው ታቦት ነው። ስለዚህ ታቦት ነው ብዬ ያዝኩት!

ጋሪውን ያዋሳቸው አብደላ ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ ያሶሳ ልጅ። አህያዋ ተፈታች። ጋሪው ቀይና ቢጫ ጨርቅ ለበሰ፣ የማንጎ ቅጠል ተንጠለጠለበት። ላዩ ላይ ዓይናቸው ሰሃን የሚያክል ሦስት የእንጨት አማልክት ተቀመጡ። በዓሉን ልታይ አብራኝ የመጣችው እናቴ አማተበችና፣ እነዚህስ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም አለች።

ሠረገላው ከግቢ እንዳይወጣ ብሎ በዓሉን የፈቀደው ካድሬ በረንዳው ላይ ሻዩን ይጠጣል።

ማዳም ገመዱን አስጨበጠችኝ። እኔን! በአገሬ ሴት ልጅ ታቦት ሲያልፍ ራቅ ብላ እልል ትላለች እንጂ ማን ያስጠጋታል? ጫማዬን አወለቅኩና ሳብኩ።

እምቢ አለ።

ሁላችንም ሳብን። እምቢ!

ታቦት መንገድ ላይ «አልሄድም» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቁ የለ? ከሕዝቡ መሀል ክፉ ነገር የቋጠረ ሰው አለ ማለት ነው።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። እኔ ነኛ!

በማግስቱ ወደ ነቀምት በሚሄድ ሎሪ ወደ ወሎ ልጠፋ ነበር። ከሰፈራ መጥፋት ያሳስራል። ከዚያ የባሰው ግን፣ እናቴ ከረሃቡ ወዲህ ከእኔ በቀር ሰው አልተረፈላትም። ለእሷም አልነገርኳትም።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ጮኸች!

«እኔ ነኝ! ነገ በነቀምት ሎሪ ልጠፋ ነው! ልብሴንም እንጨት ቤት ደብቄያለሁ! ይቅር በለኝ!»



አብደላ ጎንበስ ብሎ ጎማው ሥር አየ።

«እህቴ፣ አታልቅስ። ድንጋይ ነው። እኔ ነው ያደረገው፣ ጋሪ እንዳይሄድ።»

ድንጋይ!

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ካድሬው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወረደ። የምን ሎሪ ነው የምታወራው ብሎ ጠየቀ። እናቴ ፊቷ አመድ መስሏል። መልስ ግን አላጣችም።

«ወባ ነው ጓድ። ሲነሳባት እንዲህ ያስቀባጥራታል። ትናንትማ አውሮፕላን ነጂ ነኝ ስትል ነው የዋለችው።»

ካድሬው ግንባሬን ዳሰሰ። ከሃፍረት የተነሳ እሳት ሆኜ ነበርና አመነ! ወዲያው ኪኒን አስመጣ። ያለ ወባዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ያንን መራራ የወባ ኪኒን ዋጥኩ። ሠረገላው ድንጋዩ ተነሥቶለት ግቢውን ሲዞር እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ገመድ እስባለሁ። ማዳም ደግሞ ደስ ብሏት «ጎበዝ! ጎበዝ!» ትለኛለች። አንድም ነገር አልገባትም!

ወደ ጣቢያው ስንመለስ እናቴ ከፊቴ ቀድማ ትራመዳለች። ምነው በመታችኝ!

ብዙ ከሄድን በኋላ ቆመች።

«ነቀምት ድረስ ያለ ስንቅ ነበር የምትሄጂው?»

«አዎ» አልኳት።

«ሞኝ። ስትሄጂ ንገሪኝ። ዳቦ ቆሎ እሠራልሻለሁ።»

ይኸው ነው። መንገዷን ቀጠለች።

ሎሪው ያለ እኔ ሄደ። እኔ በኪኒኑ ማሳከክ ሰውነቴን እየፎከትኩ ቀረሁ።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት፣ አሁንስ አብረን ወደ ወሎ እንግባ አልኳት። በቆሎው ይድረስና አለችኝ። በቆሎው በየዓመቱ ይደርሳል፤ እኛም እዚሁ አለን፣ ደህና ነን።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ ለመጥፋት ያሰበ ሰው በዓል ቦታ አይሂድ!

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ስንቅ ልሥራልሽ ያለችውን እናቱን ጥሎ መጥፋት የቻለ ሰው ከመካከላችሁ አለ? ካለ፣ እግሩ እንዴት እንደታዘዘለት ይንገረኝ!