በቁመቱ ልክ

ትልቅ ነገር የሚፈልግ ሰው ለምን ሁልጊዜ ትንሽ ፎቶ ይዞ እንደሚመጣ የሚያስረዳኝ ሰው ጠፋ። ቢቸና ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ከተቀመጥሁ ስንት ዓመቴ። ጀርባዬ ጎበጠ፣ ጠጉሬ ሸበተ፣ ይቺን ጥያቄ ግን አልፈታኋትም። ሰውዬው ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ፎቶ ያወጣል። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ የግድግዳውን ስፋት ያሳየኛል። ይቺን እዚያ ላይ አድርግልኝ ነው ነገሩ።

ሱቄ ትንሽ ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ከጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥዕል ጨርቅ ላይ አሳትምልኝ፣ የግድግዳ ወረቀት ላይ አውጣልኝ ማለት አመጣ። ማተሚያው የኔ አይደለም፣ ባሕር ዳር ነው። የኔ ድርሻ ሥዕሉን ማስተካከልና በልኩ አድርጎ በፍላሽ መላክ ነው። "በልኩ" ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔን ያሸበተኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፎቶ የነጠብጣብ ክምችት ነው። የተማሩት ፒክስል ይሉታል፤ እኔ ለደንበኞቼ ጤፍ ነው እላቸዋለሁ። አንድ ቁና ጤፍ ሰሌን ላይ ብታሰጡት ሰሌኑን ይሸፍነዋል። ያንኑ ቁና አውድማ ሙሉ ብትበትኑት የሚታያችሁ መሬቱ ነው። ጤፉ አልጨመረማ! ፎቶም ሲለጠጥ እንደዚያው ነው እላቸዋለሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ገባን፣ እውነትህን ነው ይላሉ። ከዚያ እንግዲያስ ትንሽ ተለቅ አድርገው ይሉኛል።

አንድ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ መጣ። የቤቱን አንድ ጎን ከዳር እስከ ዳር በበሬ ሥዕል ማልበስ አሰኝቶታል። በሬው በስልኩ ውስጥ አለ፤ ማን እንዳነሣው አይታወቅም፣ በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ በሬ ነው። ግድግዳው ስንት ነው ብለው አሥራ አራት ክንድ አለኝ። እንግዲህ በኛ አገር ጨርቅ በክንድ ሲገዛ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ገበያ መውጣት ወግ ነው። እኔም አንድ ረጅም ሰው የለካው መስሎኝ ክንዱን በግማሽ ሜትር አባዛሁና ሰባት ሜትር ብዬ ጻፍሁ። ለካ በገዛ ክንዱ ነው የለካው። ቀና ብዬ ሰውዬውን ባየው ምን ነበረበት? ቁመቱ ከበሬው ቀንድ አያልፍም።

ግድግዳው ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ ላይ መሄጃ የለኝም። በሬውን ወደ ጎን ጎተትሁት። ወገቡ ረዘመ፣ ረዘመ፣ መሀሉ ላይ ሌላ ሁለት እግር የሚያሻው መሰለ። ሲለጠፍ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ተረፈና ጅራቱ ማዕዘኑን ዞሮ ወደ ጓዳ ገባ አሉኝ። ሰውዬው ቢላዋውን ይዞ ይመጣል ብዬ ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈትሁም። በሦስተኛው ቀን እየሳቀ መጣ። በላተኛው ሁሉ ይሄን የሚያህል በሬ ከየት አመጣኸው እያለ ይጎርፋል አለኝ። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ደመደምሁ። ስሕተት ሰውን ካስደሰተ ስሕተት አይደለም አልሁ። ኋላ ጉድ ያደረገኝ ይሄ ድምዳሜ ነው።

ሞጣ አክስት አሉኝ፣ የእናቴ ታላቅ እኅት፣ ወይዘሮ እናኑ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ከእንግዲህ እናቴ እርስዎ ነዎት ብዬ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ያለቀስሁ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ደጃቸውን ያልረገጥሁም እኔው ነኝ። ሞጣ ሩቅ ሆኖ መሰላችሁ? ጠዋት የተሳፈረ ለምሳ ይደርሳል። ግን ዛሬ መብራት መጣ፣ ነገ የምርቃት ባነር አለብኝ፣ ከነገ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰበብ የቸገረው ሰው እኔ ዘንድ ይምጣ፣ ሞልቶኛል። በስልክ ግን እንገናኛለን። መጣሁ እኮ እላቸዋለሁ። እሺ ልጄ ይሉኛል።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ምንይችል የሚባል፣ የኔ እኩያ። አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት። ሞተ እንዳይባል መርዶ የለ፣ አለ እንዳይባል ወሬ የለ። እናቱ አልቅሰው አልወጣላቸው፣ ተዝካር አላወጡ፣ እንዲሁ በር በሩን እያዩ ቀሩ።

ኋላ በር የሚያዩበት ዓይን ራሱ ከዳቸው። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ነው አሏቸው ሐኪሞቹ። ያን ሰሞን ደወሉልኝ። እንደ ወትሮው ከብቱንና ጎረቤቱን አልጠየቁም።

"አለበል፣ የምንይችል ፎቶ አነሰብኝ" አሉ። "አፍንጫዬ ድረስ ባስጠጋው ጥቁር ነው የሚታየኝ። ደጅ የቆመ ሰው ግን ገና እለያለሁ። በቁመቱ አድርገህ ጨርቅ ላይ አውጣልኝና፣ ይሄ ዓይኔ ሳይዘጋ አንዴ ልየው።"

ጤፉን ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። እሺ እቴቴ አልሁ።

ፎቶውና ልኩ ሞጣ በምትሠራ ነርስ እጅ መጣልኝ። ልኩ ፈትል ነው። ለካ ምንይችል መተማ የወረደ ለት እናቱ በር ላይ አቁመው ከራሱ እስከ እግሩ በፈትል ለክተውታል። በደኅና ቢመለስ በቁመቱ ልክ ጧፍ ለጊዮርጊስ ሊያገቡ ተስለዋል። ልጁ አልተመለሰም፣ ጧፉም አልተሠራ፤ ፈትሉ ሙዳይ ውስጥ ተጠቅልሎ ኖረ። ነርሷ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፣ መልእክቱን ስታደርስ ራሷም ግራ ገብቷታል። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሳያድግ አይቀርምና ትንሽ ይጨመርበት ብለዋል አለችኝ። በኛ ሥራ ለመከርከሚያ በየጠርዙ ትርፍ መተው ያለ ነው። ልጄ ያድግበታል ብሎ ትርፍ ያዘዘኝ ሰው ግን ከአክስቴ ሌላ አላጋጠመኝም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ትንሽ ቆይቼ ተመለስሁ።

ፈትሉን በሜትር ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ተነሥቼ አንዱን ጫፍ በጫማዬ ረገጥሁና ሌላውን ወደ ላይ ሳብሁት። አናቴ ላይ ልክ አለ። ቁመታችን አንድ ነው።

ፎቶውን ልንገራችሁ። ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ ነው፣ ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላጠ። ወይን ጠጅ ማኅተም ከጉንጩ ጀምሮ አፉንና አገጩን ወርሶታል። ግራ ዓይኑን የስቴፕለር ዝገት በልቶታል። ከትከሻው በታችማ መቼ ኖሮት! በቁመቱ አውጣልኝ የተባለው ልጅ ደረት የለው፣ እጅ የለው፣ እግር የለው። ስካን አድርጌ ጎተትሁት። የታየኝ መሬቱ ነው።

መጀመሪያ የተበደርሁት ገላ ነው። ኮቴን ለብሼ ቆምሁና ጎረቤቴ አነሣኝ፤ ራሱን በኔ ትከሻ ላይ አስቀመጥሁት። ቁመታችን አንድ፣ ሥጋችን አንድ፣ ምን ክፋት አለው? አንገቱ ግን አልገጠመም፤ የኔን አንገት አደረግሁለት። ከዚያ አፉ ላይ ደረስሁ። ከማኅተሙ ሥር ምን ዓይነት አፍ እንደነበር ላስታውስ ዓይኔን ጨፈንሁ። አብረን ጥሬ ቆርጥመን ያደግን ልጆች ነን፣ በአንድ ደበሎ ተኝተናል፣ አፉ ግን ትዝ አላለኝም። እንዴት እንዲህ ይሆናል? ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚናገርበት አፍ የለም። ሞጣ ሄጄ አፉ እንዴት ነበር ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አንድ ጠዋት ነው። የኔን አፍ አደረግሁለት።

አፍ ከመጣ አገጭ መከተሉ አይቀርም። የዛገውን ዓይን በኔ ዓይን ተካሁት። ጆሮው ሳይመጣጠን ሲቀር ጆሮዬንም ሰጠሁ። ስጨርስ የምንይችል የቀረው ግንባሩና አንድ ዓይኑ ነው። እነሱም ቢሆኑ ብዙ ተወልውለዋል። ይሁን አልሁ። የሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። የሥጋ ቤቱ በሬ ትዝ አለኝና ተጽናናሁ።

ፋይሉን ባሕር ዳር ላክሁ። ከታች ለማደጊያው ነጭ ትርፍ ተውሁ። ጨርቁ ታትሞ ከባሕር ዳር በሚኒባስ በቀጥታ ሞጣ ገባ፣ እኔ ታጥፎም ተዘርግቶም አላየሁት። በማግሥቱ ነርሷ ደወለች። ከበሩ ትይዩ ሰቅለውታል፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ እያለቀሰ ነው፣ ምንይችልን ቁጭ አደረገው እያሉ ነው አለችኝ። እሳቸውስ ብላት፣ ዝም ብለው ያዩታል አለች። በደስታ ዝም ብለው ነው ብዬ ተረጎምሁት። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞጣ ተሳፈርሁ። ለምን? ለመመረቅ ነዋ! ለምርቃት ሲሆን መንገዱ ጭቃ አልሆነብኝም።

ስገባ ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። እጅህ ይባረክ የማይለኝ የለም። ጨርቁ ግድግዳው ላይ አለ፣ ረጅም፣ ኮት ለባሽ፣ ከሥሩ አራት ጣት ነጭ የተተወለት። አክስቴ ሳሙኝ፣ ከዚያ ፊቴን በእጃቸው ዳበሱት። አፌ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆየ። አገጬን ያዙ፣ ጆሮዬን ነኩ። ከዚያ መረቁኝ፣ ሰው ፊት፣ ረጅም ምርቃት። እኔ አሜን አሜን እያልሁ ቀለጥሁ።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ እንድቀመጥ ነገሩኝ።

"አለበል፣ እዚያ የተሰቀልኸው አንተ ነህ" አሉ።

ዘመድ ስለሆን ነው፣ እንመሳሰላለን፣ ማተሚያው ትንሽ አደብዝዞት ነው እያልሁ ቀባጠርሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ምንይችል አፉ ገጥሞ አያውቅም" አሉ። "የፊት ጥርሱ ወጣ ያለ ነው። ሁልጊዜ እማ ሊለኝ የተነሣ ይመስለኝ ነበር።"

እንዴት ረሳሁት? ልጆች ሆነን በዚያ ጥርሱ ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አክስቴ ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

"መምጣት ያቃተውን አምጣልኝ ብዬ ለመንሁህ" አሉ። "መምጣት የምትችለው አንተ በጨርቅ መጣህልኝ።"

ከዚያ ፎቶውን ጠየቁኝ። በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ይዤው ነበር፣ ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ አልታየም። በፈትሉ ጠመጠሙትና ወደ ሙዳዩ መለሱት። የሚታየኝ አንተ ነህ፣ እሱ ደግሞ አይታየኝም፣ ግን ልጄ ይሄ ነው አሉኝ። ጨርቁን ላውርደው፣ በሌላ ልሥራው ብላቸው እንቢ አሉ። ይሰቀል፣ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል አሉ። ነጩን ትርፍም እንዳልቆርጠው ነገሩኝ።

በየወሩ እመጣለሁ ብዬ በጊዮርጊስ ምዬ ወጣሁ። ከዚህ ምን እንማራለን ትሉኝ ይሆናል። ፎቶ ቢለጠጥ ሰው አይሆንም፣ ዘመድ በእግር ነው የሚጠየቅ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ እውነትም ነው። ግን ከሞጣ እንደተመለስሁ የምርቃት ባነር ጠበቀኝ። ከዚያ መብራት ሄደ፣ ሥራ ተከመረ። ከዚያ ክረምት ገባ። ይኸው ዓመት አለፈው፣ አልሄድሁም።

ባለፈው ሰሞን አፍሬ አፍሬ ደወልሁ። እቴቴ፣ ቀረሁብዎት እኮ አልኋቸው። ሳቁ።

"ኧረ አልቀረህም" አሉ። "ዓይኔማ ተዘጋ፣ በዳበሳ ግን አላጣህም። ትናንት ጉልበትህ ላይ አቧራ ነበረብህ፤ አራገፍሁልህ።"