በማር የተሞላው ውሃ ልክ

መሣሪያ ካልተገዛ ግድግዳ የማይቆም የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመዋችኋል? ያሳዝኑኛል። እኔ ያለ አስተማሪ ግንበኛ የሆንኩ ሰው ነኝ። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ ቦንጋ ላይ፣ ክረምቱ ሳይደርስ ለባለቤቴ ማድቤት ልሠራላት ተነሣሁ። የግድግዳን ቀጥታ በአረፋው የሚያሳየውን ውሃ ልክም ከመድኃኒት ጠርሙስ ራሴ ፈለሰፍኩት። ሌላው ሰው ውሃ ይሞላበታል፤ እኔ የካፋ ሰው ነኝና ማር ሞላሁበት። አረፋው መሐል ላይ ቀጥ አለ! እየዘፈንኩ ብሎኬቱን ደረደርኩ።

ግድግዳው ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐጂ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ አረፋው እኮ ገና አሁን መንገድ ጀመረ!» ብለው ጮኹ። ለካ ማር አይቸኩልም! ግድግዳው ወደ ውጭ አዘንብሏል።

«ልትገድለኝ ነው? እዚህ ውስጥስ አልገባም!» አለች ባለቤቴ።

ዝናቡ ሲመጣ ታዲያ የት ተጠለለች? ምድጃዋን ይዛ፣ በውጭ በኩል፣ ካዘነበለው ግድግዳዬ ሥር! ያለ ቆርቆሮ በረንዳ የሠራ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ።