ማንበብ የማይችለው ጭሰኛ

ድሃ ሆኖ መታየት ያማረው የተማረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ፣ ቀበሌያችን ድራማ ሲያዘጋጅ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ጋሽ ተሰማ፣ “ማንበብ የማይችለውን ጭሰኛ እኔ ካልሆንኩ” ብለው አስቸገሩን። አዲስ ጋቢያቸውን ሳይቀር በመቀስ ቀደዱት። የባለርስቱን ሚና ለሽሮ ሜዳው ሸማኔ ለዘለቀ ሰጠነው፤ እሱ እውነትም ፊደል አልቆጠረም።

በድራማው ቀን ባለርስቱ ጭሰኛውን ከመሬቱ የሚያስለቅቅ ወረቀት አቀረበ። ጭሰኛው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ መፈረም ነበረበት። ጋሽ ተሰማ ግን መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ከላይ ጀምረው ማንበቡን ተያያዙት። ምን ያድርጉ? ሰው ጋቢውን ይቀድዳል እንጂ ዓይኑን የት ያደርሰዋል?

ዘለቀ ባለርስትነቱን ረስቶ ጎንበስ አለና በቀስታ፣ “ጋሼ፣ አያንብቡት” አላቸው። “እኛ ሳናነብ ነው የምንፈርመው።”