ለይሁኔ የመረጥንለት ሞተር

ለራሱ አንድ ጫማ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው፣ ለሌላው ሲመርጥ ለምን እንደሚፈጥን አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሚቆረቁረው ሌላውን ስለሆነ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም በሰው እግር።

ይሁኔ፣ ቡሬ ከተማ በነበረው መሥሪያ ቤታችን፣ የከብት ሐኪም ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ የደምበጫ ልጅ። ገጠር ለገጠር በእግሩ ሲኳትን ከርሞ በመጨረሻ ሞተር ይገዛለት ተባለ። የመንግሥት ዕቃ ደግሞ ያለ ኮሚቴ አይገዛምና አምስት ሆነን፣ ይሁኔን አስከትለን፣ ፍኖተ ሰላም ወረድን። ከአምስታችን ሞተር ነድቶ የሚያውቅ አንድም የለም። እኔማ በቅሎም እፈራለሁ።

ነጋዴው ሁለት አቀረበልን። አንደኛው ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ነዳጅ ሲሰጡት በእርጋታ የሚነሳ፣ ለለማጅ የተመቸ ነው። ሁለተኛው ቀይ፣ ኮርቻው ከፍ ያለ፣ ነጂውን በደረቱ አስተኝቶ የሚወነጨፍ። በዋጋቸው ብዙም አይራራቁም፤ ጠባያቸው ግን የቄስና የሽፍታ ነው።

ይሁኔ ዝቅ ባለው ላይ ወጣና ሁለት እግሩን መሬት አስነካ። ፊቱ በራ።

«እኔ ገና ለማጅ ነኝ፤ ይሄ ይበቃኛል። ጭቃ ላይ ቢንሸራተት በእግሬ እደግፈዋለሁ» አለ።

ሰብሳቢያችን ሳቁ። «አገር እየሮጠ አንተ ልትድህ ነው? ልማት ፍጥነት ይፈልጋል!»

«ጋሼ፣ የታመመች ላም እኮ ሮጣ አታመልጠኝም።»

እጅ ይውጣ ተባለ። በዚያ የግምገማ ዘመን «ፀረ ልማት» መባልን የማይፈራ ማን ነበር? አምስት እጅ ለቀዩ ወጣ። የእኔ ሦስተኛው ነበር፤ መሐል ይሞቃል።

ሐምሌ ላይ እማማ ጥሩዬ የሚባሉ ባልቴት በዝናብ በእግራቸው ቢሯችን መጡ። አንዲት ላማቸው ምጥ ጠንቶባት ነበር። ይሁኔ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ቀድሟቸው በሽንዲ መንገድ ገሰገሰ። ጭቃው ላይ ነዳጅ ቢነካው ቀዩ ሞተር ፈረጠጠ። ይሁኔ እግሩን ወደ መሬት ዘረጋ፤ አልደረሰለትም። ሞተሩ ላዩ ላይ ወድቆ ቅልጥሙን ሁለት ቦታ ሰበረው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ስለ እግሩ መስሏችሁ ይሆናል። የሕዝብ ንብረት በግዴለሽነት ስለ መጎዳቱ ነበር። «የአቅም ማነስ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ይላሉ።

ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቀው ሄድሁ። ቢወቅሰኝ የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እግሩ በጀሶ ታስሮ እንደተጋደመ፣ «ጋሼ፣ ምነው በጭቃ ደከሙ!» ብሎ ሊነሳልኝ ቃጣው።

«የእማማ ጥሩዬ ላም እንዴት ሆነች?» አለኝ።

አላውቅም። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላሟን ያነሳት ሰው አልነበረም።

«በሰላም ተገላገለች» አልሁት።

«ወይፈን ነው ጊደር?»

«ጊደር።»

«ተመስገን» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከወደቀ ወዲህ ሕመሙ የቀለለው ያን ጊዜ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። እማማ ጥሩዬ ከቆዳ ተራ ተቀምጠዋል፤ የላም ቆዳ ዘርግተው። አዩኝና፣ እንደ ደንባቸው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ።

«ያ ሐኪም ልጅ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።