በባሌና በረዳት አሰልጣኟ መካከል

አግዳሚ ወንበር ላይ መካከል መቀመጥ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተስ? ቀበሌ ስብሰባ ሂዱና ተመልከቱ። ቀድሞ የመጣው ሁሉ ዳርና ዳሩን ይይዛል፤ መካከሉ ዘግይቶ ለመጣ ይቀራል። ዳር ያለው ሲሰለቸው ሹልክ ይላል። መካከል የገባው ግን መፈክሩ እስኪያልቅ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። እኔ ግን ያለፈውን ዓመት ሙሉ መካከል የተቀመጥኩት ወድጄ ነው፤ እንዲያውም ደጅ ጠንቼ። በአንድ በኩል ባሌ፣ በሌላ በኩል ማርታ።

ማርታ ማን ናት? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። ባሌ ከጋዜጣ የሚያነበው የስፖርቱን ገጽ ብቻ ስለሆነ ዘና ብዬ ነው የማወራው።

ባሌ ግርማ እዚሁ ነፋስ ስልክ ካለ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነው። የሴቶቹ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝም እሱ ነበር። ዋና ስላችሁ ሌላ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። አሰልጣኙ እሱ፣ ኳስ ነፊው እሱ፣ የተቀደደ መረብ ሰፊው እሱ። እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ካልሲ በጣም እንደሚያቆሽሽ ብቻ ነበር። በሰላም እንኖር ነበር።

ከዚያ ኮሌጁ ረዳት ቀጠረለት። ምሥራቅ ጀርመን ተምራ የመጣች፣ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቱታ የምትለብስ፣ ስትሮጥ መሬት የማትነካ የምትመስል ልጅ። ይቺ ናት ማርታ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከጺሙ ነው። ሲያሻው ይላጭ የነበረ ሰው ጠዋት ጠዋት ፊቱን ማለስለስ ጀመረ። ምላጭ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን! በጊዜ ይገባ የነበረ ሰው፣ ልምምድ ረዘመ እያለ ሰዓት እላፊ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እያለከለከ ይደርሳል። የባሰው ግን ቆሎው ነው። እራት ተበልቶ ቆሎ ሲቀርብ ትሪውን ወደ ራሱ ይስብና ገብሱን ለብቻ፣ ሽምብራውን ለብቻ ይደረድራል።

«ገብሱ እኛ ነን፤ ሽምብራው እነሱ» ይለኛል። «ይቺ ጫልቱ ናት። ማርታ እንደምትለው፣ ጫልቱ እዚህ ጋ ከቆመች...»

ማርታ እንደምትለው ሽምብራው ወደ ኋላ ይሸሻል። ማርታ እንደምትለው ገብሱ ይዞራል። አንድ ቀን በዛብኝና ጫልቱን አንሥቼ ቆረጠምኳት።

«ምን ነካሽ?» አለኝ ደንግጦ። «በአራት ሰው ልንጫወት ነው?»

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? ለኮሌጁ ኃላፊ ግን ቀናሁ አይባልም። ቢሮው ገብቼ፣ ጓድ፣ የሰው ሴት ልጆች ለግጥሚያ ደብረ ዘይት ናዝሬት ሲሄዱ በዕድሜ የበሰለች ሴት አብራቸው አለመኖሯ ወላጆችን አሳስቧል አልኩት። የትኞቹን ወላጆች? እንጃ። እኔም መቼም ወላጅ ነኝ። ሰውየው ለስብሰባ ይቸኩል ስለነበር «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እርስዎ ይሁኑዋ!» ብሎኝ ወጣ።

የቡድኑ እናት ተብዬ ተሾምኩ። ሥራዬ ብርቱካን መላጥ፣ የፀጉር ማስያዣ መያዝና የተጫረ ጉልበት ላይ አዮዲን መቀባት ነው። ዋናውን ሥራዬን ግን ለማንም አልነገርኩም። ግጥሚያ ሲጀመር ሄጄ በሁለቱ መካከል ዘፍ እላለሁ።

ማርታ ምን ታውቃለች? «እትዬ ዘነበች፣ እዚያ ጋ ፀሐዩ ይበረታብዎታል፤ ወደ ዳር ይምጡ» ትለኛለች። ፀሐይ እወዳለሁ እላታለሁ። ባሌ ደግሞ «ዘኑ፣ እስኪ ፈቀቅ በይ፣ ከማርታ ጋር እንመካከርበት» ይላል። ተመካከሩ፣ ማን ከለከላችሁ፣ እላለሁ። ከቦታዬ ግን ንቅንቅ የለም።

ተመልካቹ ሲጮኽ ደግሞ በእኔ ማዶ መሰማማት አይችሉም። ተነሥተው እንዳይጠጋጉ ዳኛው ከአግዳሚ የተነሣ አሰልጣኝ ሲያይ ፊሽካውን ይነፋል። ታዲያ ምን አደረጉ? በእኔ በኩል መላላክ ጀመሩ።

«እትዬ ዘነበች፣ ለጋሼ ግርማ ጫልቱ ደክማለች ይበሉልኝ።»

«ዘኑ፣ ማንን ላስገባ በያት።»

ጉዴን አያችሁ? ሁለት ሰው እንዳይነጋገር ብዬ የገባሁት ሴትዮ መልእክተኛቸው ሆኜ አረፍኩት። ታማኝ መልእክተኛ ግን አልነበርኩም። እሷ «ጋሼ ልክ ናቸው» ስትል፣ «እሺ ብላለች» እለዋለሁ። እሱ «ግሩም ሐሳብ ነው በያት» ሲል፣ «ሰምቷል» እላታለሁ። የሥራ ጉዳይ ሳላጓድል አደርሳለሁ። ምስጋና ግን በእኔ በኩል አያልፍም። ጨዋታው እስካልተበላሸ ድረስ ደግሞ ሕሊናዬን ብዙም አልቆረቆረኝም።

የመጨረሻው ግጥሚያ በእኛው ሜዳ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ከለቡ፣ ከፉሪ የመጣ ሳይቀር አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የተጋጣሚያችን ቡድን ውስጥ አንዲት አጭር ልጅ አለች፤ ኳሱ እጇ ላይ የተሰፋ ይመስላል። በጫልቱ ግራ ታልፋለች፣ በቀኝ ታልፋለች፣ ብቻ ታልፋለች። ጫልቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን ታያለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማየው የልጆች እጅ ነው። የትኛው ልጅ በየትኛው እጁ እርሳስ እንደሚይዝ ገና ሲቀመጥ ይገባኛል። ያቺን አጭር ልጅ ሳያት ግራ እጇ ሥራ የለውም። ወደ የትም ትሂድ፣ የምታነጥረው በቀኟ ብቻ ነው። ይህን እያየሁ ሳለ ማርታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እትዬ ዘነበች፣ ጋሼን ጎበዝ ነዎት፣ እንደ ጀመሩት ይቀጥሉ፣ ብቻ አይደንግጡ ይበሉልኝ።»

ጎበዝ ነዎት! ለባሌ! በእኔ አፍ! እስኪ ፍረዱኝ፣ ይህን የምታደርስ ሴት አለች?

ባሌ አፍ አፌን ያያል። «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«ያቺ አጭሯ በግራ እጇ አትችልም ብላለች» አልኩት። «ጫልቱ ቀኟን ትዝጋባትና በግራ እጇ እንድታነጥር ታስገድዳት ብላለች።»

ባሌ ልጅቷን አያት፣ አያትና ብድግ አለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋበት። ግድም አልሰጠው፤ ታይም አውት ጠይቆ ጫልቱን በጆሮዋ ነገራት። ከዚያ በኋላ ያቺ አጭር ልጅ ኳሱን አንዴ እግሯ ላይ ትጥል፣ አንዴ ከሜዳ ታስወጣ፣ አንዴ ለጫልቱ በእጇ ትሰጥ ጀመር። በአንድ ቅርጫት አሸነፍን። ሰፈሩ ቀውጢ ሆነ።

እኔም ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ እንኳ አላውቅም። ባሌ ዕንባው እየወረደ እጁን በአናቴ ላይ አሻገረና የማርታን እጅ ጨበጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ጭንቅላት አይደለም፣ መብራት ኃይል ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ማርታ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«ትሕትናዋን አየሽ ዘኑ?» አለኝ። «ከእሷ ተማሪ።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በሳምንቱ ኮሌጁ ስብሰባ ጠራ። ባሌ ተነሥቶ፣ ጓዶች፣ ድሉ የእኔ አይደለም፣ የዚያችን ልጅ ግራ እጅ ያየችው ማርታ ናት፣ ከእኔ የምትበልጥ ሰው ረዳቴ ሆና መቀመጧ አግባብ አይደለም፣ አለ። ቀንቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ያስቀናል! አጨበጨቡና ማርታን ዋና፣ እሱን ረዳት አደረጓቸው። ቤት ሲመጣ ደስ ብሎት እየዘፈነ ነው። እኔ ግን እህል ከአፌ አልገባም። እሱ ጎረምሳ ሆኖ የጀመረውን ሥራ ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስለቀቅሁት። ያቺንም ልጅ ያልተናገረችውን ተናገረች ያልኩባት እኔ ነኝ። ልንገረው እልና፣ እሷ ምን ብላ ነበር ቢለኝስ? ጎበዝ ብላህ ነበር ልበለው? ደግሞ፣ ወደ ውስጥ ስገባ፣ ከሹመቱ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ባሌ በሕይወቱ እንዲያ የተደነቀው በእኔ ሐሳብ ነው። አድናቆቱ ግን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ይዞራል።

እሑድ ማርታ ቤታችን መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያቀረብኩላትን ሻይ አልነካችም።

«ጋሼ ግርማ፣ ዋና አሰልጣኝነቱን አልቀበልም» አለች። «የግራ እጇን ነገር እኔ አላልኩም፤ አላየሁትምም። ያዩት እትዬ ዘነበች ናቸው።»

ባሌ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ ሳቅ ጀመረ። መሐረብ እስኪያወጣ ድረስ ሳቀ።

«የእኔ እመቤት!» አላት። «የሽማግሌ ባሏ ሥራ ሄደ ብላ እንዳታዝን ብለሽ ድልሽን ልትሰጫት? እኔ እኮ እንዲህ ያለች ሰው አይቼ አላውቅም!»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ግርማ። እሷ ሌላ ነበር ያለችው።»

ሳቁን አቁሞ በጣም አዝኖ አየኝ።

«አንቺ ደግሞ፣ ሰው ደግ ሲሆንልሽ እውነት አድርገሽ ትይዢዋለሽ?» አለኝ። «በይ ተነሺና አመስግኛት።»

ተነሥቼ አመሰገንኳት። ማርታም ምን ታድርግ፣ «ምንም አይደል» አለችኝ።