ምልክቱን ያነሣሁበት ፎልደር

የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጉደኛ ነው! አትቆጡ... ልዩነታችን ጉዳችን የተቀመጠበት ፎልደር ለማን እንደሚታይ ብቻ ነው። የእኔ ለማን እንደታየ ልንገራችሁ። ሳቃችሁን ግን ቀስ አድርጉት፤ ቁስሉ ገና አልሻረም።

የምሠራው መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከመጣሁ ስንት ዘመኔ፤ ባልደረቦቼ ግን ዛሬም «ወዲ ደሴ»፣ የደሴ ልጅ፣ ነው የሚሉኝ። በዚያ ሰሞን የቡድን መሪነት ቦታ ተከፍቶ እኔ እጩ ነበርኩ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቦታ! የሚጸድቀው ደግሞ በግምገማ ነው። ግምገማ ታውቃላችሁ አይደል? መጀመሪያ ግለ ሂስ አድርገህ የራስህን ጉድ ታወጣለህ፣ ያስቀረኸውን ሌላው ያወጣልሃል፣ አንተም «ሂሴን ውጫለሁ» ብለህ ትቀመጣለህ።

እኔ ባዶ እጄን ግምገማ የምገባ ሰው አይደለሁም። ኮምፒውተሬ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። (ምስጢር ያለው ሰው ፎልደሩን «ምስጢር» ብሎ አይሰይምም፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ!) ውስጡ ለእያንዳንዱ ባልደረባዬ አንድ አንድ ፋይል አለ። «ሓጎስ፦ ጠዋት ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ኮቱ ነው።» «የመዝገብ ቤቷ ለተብርሃን፦ የደብዳቤ ቁጥር ስትጠየቅ ከስልኳ ቀና ሳትል ‹ጽናሕ› ትላለች። ቆይ ማለቷ ነው። እስካሁን እየቆየሁ ነው።» «ኃላፊያችን አቶ ገብረኪዳን፦ ‹በአጭሩ› ብሎ የሚጀምረው ስብሰባ ምሳ ሰዓታችንን ይበላል።» ስለ ራሴስ? ምን ብዬ!

ታዲያ በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስ ሰነዶቻችንን ሲጨርስብን፣ አቶ ገብረኪዳን «ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ይውጣ!» ብለው አዘዙ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ፍረወይኒም በየጠረጴዛው ዞራ አካውንት አስገባችልን። አንድ አካውንት፣ ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ!

«ከእንግዲህ አንዱ ጋ ያለው ሁሉም ጋ አለ» አለችን። እኔም ከሁሉ አስበልጬ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ የደብዳቤ ቁጥር ልጠይቅ ለተብርሃን ጋ ሄጄ ስክሪኗን ባይ... «ልዩ ልዩ»! የእኔው ፎልደር!

«ጽናሕ» አለችኝ።

የምን ጽናሕ! እየሮጥኩ ሄጄ ፍረወይኒን ያዝኳት።

«ፍረወይኒ ሓፍተይ፣ እህትነትሽን ልይ፣ አንድ ፎልደር ክላውዱ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል። ምን ያለበት ነው?»

«የ... የቤተሰብ ፎቶ።»

«ቀላል ነው ሓወይ። ሴቲንግ ውስጥ ግባና ከፎልደሩ ፊት ያለችውን ምልክት አንሣት። ግን ቀድመህ...»

እኔ ደግሞ ከ«ግን» በኋላ ያለውን የምሰማ ሰው አይደለሁም። በርሬ ተመለስኩና ምልክቷን አነሣሁ። ፎልደሩ ከፊቴ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተመስገን ነው! ወጥቼ ራሴን ማኪያቶ ጋበዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ቢሮው ሌላ ሆነ። ሓጎስ ከኮቱ ጋር አብሮ መዋል ጀመረ። ለተብርሃን ገና አፌን ሳልከፍት ቁጥሩን ትሰጠኛለች። አቶ ገብረኪዳን «በአጭሩ» አሉና፣ አታምኑኝም፣ በአጭሩ ጨረሱ! እኔ ጅሉ፣ የመሪነቴ ግርማ ከወዲሁ የሠራ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ግር ይለኝ ነበር፤ እኔ ስገባ ሁሉም የሚጽፉትን ያቆማሉ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሓጎስ መጀመሪያ ተነሣ።

«ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ኮቴ ነበር። ሂሴን ውጫለሁ።»

ቃል በቃል የእኔ ጽሑፍ! ለተብርሃን ቀጠለች፤ «ጽናሕ እያልኩ ሰው አቁሜአለሁ። ሂሴን ውጫለሁ።» አቶ ገብረኪዳን ራሳቸው ስለ ምሳ ሰዓታችን ይቅርታ ጠየቁ። ስንት ጊዜ የለቀምኩት ሂስ፣ ባለቤቶቹ እየዋጡ ጨረሱብኝ!

«አሁን የወዲ ደሴ ተራ ነው» አሉ አቶ ገብረኪዳን።

«እኔ እንኳ... ሥራ አበዛለሁ። ለጤናዬ አልጠነቀቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ይኸው ነው? ፋይልህን አላየኸውም እንዴ?» አሉ ኃላፊያችን።

«የምን ፋይል ጌታዬ?»

«‹ልዩ ልዩ› ውስጥ ያለውን። የጻፈው ማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርንም፤ ፋይል የሌለህ አንተ ብቻ ነበርክ። አሳዘንከንና ተባብረን ጻፍንልህ። ሁላችንም ጋ አለ።»

«እሱ ጋ የለም» አለች ፍረወይኒ አንገቷን ደፍታ። «ምልክቷን ሲያነሣ ፎልደሩ የጠፋው ከራሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ‹ግን ቀድመህ ከጋራው አውጣው› ልለው ስል ሮጠ።»

«ይህችንም ጨምሪያት» አሉ አቶ ገብረኪዳን፤ «ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አይሰማም።»

ጨመረቻት። ከዚያም ፋይሌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይነበብ ጀመር። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ያን ቀን ግን «በአጭሩ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ቦታውን ሓጎስ ወሰደው። ሰሞኑን መዝገብ ቤት ጎራ ብዬ «ለመሆኑ ለእኔስ መቼ ይደርሰኝ ይሆን?» ብዬ ለተብርሃንን ጠየቅኳት።

ከስልኳ ቀና ሳትል «ጽናሕ» አለችኝ።